አጥሩን ማን በላው?

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት አጥሩን የሸፈነው ባለ ሐምራዊ አበባ ሐረግ በጥቂት ሌሊት ውስጥ ቅጠሉ አልቆ ግንዱ ብቻ ቀረ። አትክልተኛው ጥበቃውን «ጋሼ፣ ሌሊት ፍየል አስገብተዋል እንዴ?» አላቸው። «ፍየል አጥር ጫፍ ላይ ስትወጣ ካየህ ጥራኝ» አሉት። አስተዳደሩ ክርክሩን ለመቁረጥ ፀረ ተባይ አስገዝቶ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ አስረጨ። ሲሚንቶው ላይ ሞተው የተገኙት ግን ንቦች ብቻ ነበሩ።

ሐረጉ የስኳር ድንች ዘመድ ነው። እነዚህ ተክሎች ባሉበት፣ ከአፍሪካ እስከ አውስትራሊያ፣ አግሪየስ ኮንቮልቩሊ የምትባል ትልቅ የእሳት እራት አትታጣም። ክንፏ ሲዘረጋ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ግራጫ ናት፤ ሆዷ ግራና ቀኝ ሮዝና ጥቁር ሽንትር አለው። ሲመሽ አበባ ላይ ሳታርፍ አየር ላይ ቆማ፣ ከሰውነቷ በሚረዝም ምላሷ ትቀስማለች። እንቁላሏን የምትጥለው አንድ አንድ እያደረገች ስለሆነ፣ ክምር የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም።

ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው አባጨጓሬ ሲያድግ ጣት ያክላል፤ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ጭራው ላይ ቀንድ አለው፣ ግን አይናደፍም፤ ፀጉር ስለሌለውም አያሳክክም። ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻው የዕድገት ደረጃው ነው፤ አጥሩ በድንገት የተራቆተው ለዚህ ነው። ከዚያ አፈር ውስጥ ገብቶ ፑፓ ይሆናል፤ ማለትም የእሳት እራት እስኪሆን ድረስ ሳይበላ በቅርፊት ውስጥ ይቆያል። ርጭቱ የደረሰው እሱ ከወረደ በኋላ ነው። የሐረጉ አበባ የሚከፈተው ደግሞ ጠዋት በመሆኑ፣ መርዙ ያገኘው ንቦቹን ነው።

ማጣራት የሚጀመረው ከመሬት ነው። ሐረጉ ሥር ጥቁር፣ መስመር ያለው ደረቅ ኩስ ካለ አባጨጓሬ አለ። ትልልቆቹ ቀን ግንዱ ሥር ይደበቃሉ፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ በባትሪ እየፈለጉ በእጅ መልቀም ይቻላል። ኩሱ አርጅቶ አዲስ ከሌለ ቅጠሉን ትቶ አፈሩን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር መገልበጥ ነው። ፑፓው ቀይ ቡናማ ነው፤ የምላሱ ቤት እንደ ጀበና እጀታ ተቆልምሞ ስለሚወጣ ከሌላ አይምታታም። የተገለበጠውን ወፎች ይጨርሱታል። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ፓውዛም የእሳት እራቶቹን ስለሚጠራ ከአጥሩ ፊት ማንሳት ይሻላል።

እዚያ ግቢ አትክልተኛው አፈሩን ገለበጠ፣ ፓውዛውም ወደ በሩ ዞረ። ሥሩ ጤነኛ ስለነበር ሐረጉ መልሶ አቆጠቆጠ። የተረፈው መርዝ ግን ጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ከስኳሩ ጎን ተቀምጧል፤ ይህ ከአባጨጓሬው የባሰ ጣጣ ነው።