ሲከፋኝ የምሰማው፣ ቤት ሳጸዳ የምሰማው

ስልኬ ላይ «ደስታ» ወይም «ሐዘን» የሚባል ፕሌይሊስት የለም። ያሉኝ «እሁድ ጽዳት»፣ «ሥራ፣ ግጥም የሌለው»፣ «ታክሲ»፣ «ከፍቶኛል» እና «ሁዳዴ» ናቸው። ስልኩን አንስቶ «አሁን ስሜቴ ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላውቅም። መጥረጊያ የያዘ ሰው ግን ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ አብዛኞቹን በምሠራው ነገር ሰየምኳቸው፤ ሙዱ ራሱ ተከትሎ ይመጣል።

«ከፍቶኛል» ብቻ ከዚህ ደንብ ውጭ ነው። ከሁሉም በላይ የደከምኩበትም እሱ ነው።

ሲከፋን እጃችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ትዝታ ነው። ከማን ከማን እንደምንመርጥም አንቸገርም፤ ትዝታን በራሱ ድምፅ ያልሞከረ ዘፋኝ ማግኘት ከባድ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ አሥረኛ ቅጽም ለትዝታ የተሰጠ ነው። ግን ትዝታን በትዝታ ላይ ደራርቦ መስማት አንድ ችግር አለው። ካላችሁበት አያወጣችሁም። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ እናንተ እዚያው ናችሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ሆድ ብሶት ላለ ሰው የሠርግ ዘፈን መክፈት ስድብ ነው የሚመስለው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ስለ ሙዚቃ ሕክምና ሳነብ ነው። አይራ አልትሹለር የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1940ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ አለ። መጀመሪያ ሰውየው ካለበት ስሜት ጋር የሚመሳሰል ሙዚቃ ታሰማዋለህ። ከዚያ ቀስ እያልክ ወደምትፈልገው ትወስደዋለህ። ለቅሶ ቤት የሄደ ሰውም እኮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ አብሮ ያለቅሳል፣ ጨዋታው በኋላ ይመጣል።

እኔ እንዲህ አደረግኩት። መጀመሪያ ላይ ክራር ወይም ማሲንቆ ከአንድ ድምፅ ጋር ብቻ ያለባቸውን ዝግ ያሉ ትዝታዎች አስቀመጥኩ። ቀጥሎ ባንድ የገባበት፣ ሳክስፎን የሚያንጎራጉርበት ትዝታ። ከዚያ ዋናው ዘዴ ይመጣል፦ ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸውን ድምፆች፣ ሳልቀይር ፍጥነቱን እጨምራለሁ። ትዝታ የዘፈን ስም ብቻ ሳይሆን ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር አብሮ የሚጠራ ቅኝት ነው። በዚሁ በትዝታ ቅኝት ትከሻ የሚያስመታ ዘፈንም ተሠርቷል። ድምፆቹ የለመድናቸው ስለሆኑ ጆሮ እንግዳ ነገር አይሰማውም፤ ምቱ ግን ሳይታወቅ ወደፊት ይገፋችኋል። መጨረሻ ላይ ችክችካ ስትደርሱ እግራችሁ ወለሉን እየመታ ነው። አንቺ ሆዬን እዚህ ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። የሚወዱት ይቅር ይበሉኝና፣ ድምፆቹ በጣም ከመቀራረባቸው የተነሳ ከትዝታ ቀጥሎ ሲመጣ ለእኔ ጆሮ ይጎረብጣል።

ሙዚቀኛ አይደለሁም። ቅኝቱን የምለየው በማንጎራጎር ነው። ሁለት ዘፈኖች ይጣጣሙ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ የመጀመሪያውን መጨረሻና የሁለተኛውን መጀመሪያ ብቻ አያይዤ እሰማለሁ። ሙሉውን መስማት አያስፈልግም፤ የሚያጣላቸው መገናኛው ላይ ነው። እዚህ ዝርዝር ላይ ሻፍል ክልክል ነው። ከተቀላቀለ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ።

የሥራው ዝርዝር ሌላ ጣጣ አለው። የአማርኛ ዘፈን ግጥሙ ጆሮ ይይዛል። ሰሙን ሰምታችሁ ወርቁን ስትፈልጉ የከፈታችሁት ፋይል ተረስቷል። ስለዚህ ግጥም የሌለው ብቻ አስገባሁ። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ያረፉት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆኖ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ለብቻው የቀዳው ሥራም አለ። ያ ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲታተም ሰውየው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ጌታቸው መኩሪያን ግን ሞክሬ አወጣሁት። ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። እሱን እየሰሙ ሒሳብ መሥራት አይቻልም፤ ተነስቶ ጋሻ መፈለግ ነው የሚያምረው።

ስለ እሁድ ጽዳት ብዙ የሚባል ነገር የለም። ጉራግኛ ይጀምራል፣ ጉራግኛ ይጨርሳል።

ርዝመት ላይ ሙግት አለኝ። ሰው መቶና ሁለት መቶ ዘፈን ያለበት ፕሌይሊስት ይሠራና የሚሰማው የመጀመሪያዎቹን አሥር ነው። ድሮ ሙዚቃ ቤት ሄደን የምንፈልገውን በወረቀት ጽፈን ባዶ ካሴት ላይ ስናስቀዳ ቦታው ውስን ነበር። የስድሳ ደቂቃ ካሴት አንድ ገጹ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ ከእኛ ዘፈኖች ደግሞ ሰባትና ስምንት ደቂቃ የሚሄዱ አሉ። አንዱን ለማስገባት አንዱን መተው ግድ ነበር። አሁንም በዚያው ሒሳብ ከአንድ ሰዓት አላሳልፍም። አዲስ ሲገባ አንድ ይወጣል። ስኪፕ ሳደርገው ራሴን ደጋግሜ የያዝኩት ዘፈን የመጀመሪያው ተሰናባች ነው፣ የፈለገ ዝነኛ ይሁን።

ከካሴት የተገለበጡ ዘፈኖች ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ከእነሱ ቀጥሎ የዘንድሮ ዘፈን ሲመጣ ጆሮ ላይ ይጮሃል፣ በተለይ ኢርፎን ካደረጋችሁ። ብዙ የሙዚቃ መተግበሪያዎች ሴቲንግ ውስጥ ድምፅን የሚያመጣጥን ምርጫ አላቸውና ፈልጋችሁ አብሩት። ከቴሌግራም የወረደ ፋይል ብቻ የምትሰሙ ከሆነ አሮጌውን ከአሮጌው፣ አዲሱን ከአዲሱ ጎን ማስቀመጥ ይቀላል። የታክሲውን ዝርዝር ደግሞ ቤት ዋይፋይ እያለ ዳውንሎድ አድርጉት። ኔትወርክ መንገድ ላይ ሲቆራረጥ ሙዱም አብሮ ይቆራረጣል።

«ሁዳዴ» በገና ብቻ ነው። ከሌላው ጋር አላቀላቅለውም። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስቱን ቀን እናቴም ስለምትሰማው ከእኔ ይልቅ የእሷ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ዝርዝር ያለኝ ምክር አንድ ነው፦ አውቶፕሌይን አጥፉ። ዩቲዩብ ላይ በገናው አልቆ ስልኩ በራሱ ፈቃድ እስክስታ ሲከፍት እናቴ ያየችኝን አስተያየት ለማንም አልመኝም። እኔ የከፈትኩት እንዳልሆነ እስካሁን አላመነችኝም።