ለአዳኝ ጭልፊት የራዲዮ መከታተያ ስንመርጥ፦ እስካሁን የደረስንበት

መከታተያ ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ስንት ኪሎ ሜትር ይይዛል?” ብሎ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ውሸት ባይሆንም የሚሠራው ወፏ ሰማይ ላይ ሆና፣ ፈላጊውም ገላጣ ቦታ ቆሞ ነው። ጭልፊት የምታስቸግረው ግን መሬት ላይ ስትሆን ነው፤ አድና፣ ከአሸዋ ክምር ጀርባ ክንፏን ዘርግታ እየበላች። ምርጫውን ከዚያ ሰዓት መጀመር ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው በኤምሬትስና በሳዑዲ በረሃ፣ ዐረቦቹ ሑር ከሚሉት ሳከርና ሻሂን ከሚሉት ፔሪግሪን ጋር ለሚሠራ ሰው እንዲሆን ታስቦ የተጻፈ ነው። ጫካና ተራራ ላለበት አገር አንዳንዱ ነገር ይለያል።

በመጀመሪያ ከፍታ። እኛ በምንጠቀምባቸው ፍሪኩዌንሲዎች ሞገዱ የሚሄደው ዓይን እንደሚያየው ቀጥ ብሎ ነው ማለት ይቻላል። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ስታባዙ አድማሱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። ከዚያ የወፏንና የእናንተን ትደምራላችሁ። በ300 ሜትር ከፍታ የምትበር ወፍ ድርሻዋ 71 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንቴናውን በ2 ሜትር ከፍታ የያዘ ሰው ድርሻው 5.8፤ በድምሩ 77 ገደማ። ያቺው ወፍ መሬት ላይ ስታርፍ አንቴናዋ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ነው፤ ድርሻዋ ወደ 1.8 ይወርዳል፣ ድምሩም 7.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህም በመካከል የሚጋርድ ነገር ከሌለ ነው። አሁን ፈላጊው 20 ሜትር ከፍታ ያለው የአሸዋ ክምር ጫፍ ላይ ይውጣ፤ ድምሩ ወደ 21 ኪሎ ሜትር ያድጋል። ምንም ሳይገዙ የሚገኝ ርቀት ይህ ነው።

በተቃራኒው በኃይል ርቀትን መግዛት ውድ ነው። በክፍት ሰማይ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ የትራንስሚተሩ፣ ማለትም ወፏ ላይ የሚታሰረው ሲግናል ላኪ፣ ኃይል አራት እጥፍ መሆን አለበት። ሁለቱም አንቴናዎች መሬት አጠገብ ሲሆኑ ደግሞ ከመሬት የሚነጥረው ሞገድ ቀጥታ የመጣውን ስለሚያጠፋው ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ይጠይቃል። ባትሪውም በዚያው ልክ ያልቃል። ስለዚህ ከሁለት ትራንስሚተሮች አንዱ “ከፍተኛ ኃይል” ተብሎ በእጥፍ ዋጋ ሲሸጥ፣ ልዩነቱን ለተሻለ ሪሲቨር (በእጅ ተይዞ ሲግናሉን ለሚሰማው) ወይም ለሁለተኛ ትራንስሚተር ብታውሉት እንመክራለን።

ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው አገሩ ነው። በአሜሪካ የተለመደው 216 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፣ በባሕረ ሰላጤውም ብዙ ሰው የሚይዘው ይህንኑ ነው። በብሪታንያ 173፣ በአብዛኛው አውሮፓ ደግሞ 433 እና 434 ነው። አንዱ ሪሲቨር የሌላውን አይሰማም፤ ከአውሮፓ የመጣ አሮጌ ዕቃ በርካሽ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የአገሩን የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ጠይቁ፣ በኤምሬትስ ቲዲአርኤ የሚባለው ነው። የፍሪኩዌንሲው ልዩነት እጃችሁ ላይም ይታወቃል። ያጊ የሚባለው፣ አቅጣጫ የሚለየው ባለ ዘንግ የእጅ አንቴና፣ የዘንጎቹ ርዝመት የሞገዱ ግማሽ ያህል ነው፤ በ216 ወደ 70 ሳንቲ ሜትር፣ በ434 ወደ 35። ትንሹ በመኪናና በቁጥቋጦ መካከል ይመቻል። ግን 433 እና 434 የመኪና ቁልፍና የግቢ በር ሪሞት የሚሠሩበት ሰፈር ስለሆነ ከተማ አጠገብ ጫጫታው ይበዛል። ለበረሃ 216 እንመርጣለን።

ክብደት። የተለመደው ወሰን ወፏ የምትሸከመው ሁሉ ተደምሮ ከክብደቷ 3 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። 600 ግራም ለሆነ ወንድ ሻሂን 18 ግራም ማለት ነው፤ 1100 ግራም ለሆነች ሴት ሳከር 33 ግራም። ይህ የጣሪያ ልክ እንጂ የሚሞላ ኮታ አይደለም። ቁልቁል ስትወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ለምትደርስ ወፍ ግራሙ ብቻ ሳይሆን ቅርጹም ይከብዳል፤ ቀጭንና ሾጣጣውን ምረጡ።

የት ይታሰር የሚለው ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። ጅራት ላይ የሚታሰረው ለቀላል ትራንስሚተር ጥሩ ነው፣ ከ10 ግራም በላይ የሆነውን ግን ጅራት ላይ ባንጭን እንመርጣለን። ከአሥራ ሁለቱ የጅራት ላባዎች በመካከለኛዎቹ በአንዱ ዘንግ ላይ ትንሽ የብረት መያዣ ይጨመቅበታል፤ ትራንስሚተሩ በስፕሪንግ ገብቶ የሚወጣው እዚያ ውስጥ ነው። ላባው እድገቱን የጨረሰ፣ ዘንጉ ውስጥ ደም የሌለበት መሆን አለበት። ወፏ ዓይኗ በቆብ ተሸፍኖ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ በሁለተኛ ሰው እጅ ትያዝ። የላባውን ዘንግ በአልኮል ጠርጉ፣ መያዣውን በተቻለ መጠን ወደ ሥሩ አስጠጉ፤ ወደ ጫፍ በራቀ ቁጥር ላባው እንደ መቃ ይታጠፋል። ከዚያ አንድ ጠብታ ማጣበቂያ፣ ቀጥሎ በፒንሳ ቀስ ብሎ መጨመቅ። ፒንሳው “ቀጭ” ካለ ዘንጉ ተሰንጥቋል፤ በዚያ ላባ ላይ አትቀጥሉ። ማጣበቂያው ወደ ጎረቤት ላባ ወይም ከጅራቱ በላይ ወዳለው ዘይት አመንጪ ዕጢ እንዳይፈስ ወረቀት አስገቡ፤ ሳይደርቅም ወፏን አትልቀቁ። ጭልፊቶች የጅራት ላባ መቀየር ሲጀምሩ ቀድመው የሚጥሉት እነዚህን የመካከል ላባዎች ነው፤ ስለዚህ የላባ ቅየራ ወራት ሲቀርብ ጅራት ላይ ያለው አይታመንም።

እግር ላይ የሚታሰረው በቆዳ ጠፍር ነው። ለማሰር ቀላል፣ ለማውለቅም ቀላል። ችግሩ ወፏ አድና ስትበላ ትራንስሚተሩ ከሆዷ ሥር ገብቶ ሲግናሉ በሥጋና በመሬት መካከል ይታፈናል፤ ልክ በምንፈልጋት ሰዓት። አንቴናውም በመርገጥና በመንከስ ሥሩ ላይ ይሰበራል። በኤሌክትሪክ ምሰሶ አጠገብ ደግሞ የተንጠለጠለ ሽቦ ሁለት መስመር የማገናኘት አደጋ አለው። እንደ ሁለተኛ መጠባበቂያ እንጂ ብቻውን አንመርጠውም።

ጀርባ ላይ በቴፍሎን ሪባን የሚነገተው ክብደቱን ወፏ ሚዛኗን በምትጠብቅበት ቦታ ያኖረዋል፣ ለጂፒኤስም ሰማዩን ክፍት ያደርግለታል። ግን የጠበቀ ማንገቻ የክንፍ ሥርንና የደረት አጥንትን ይልጣል፤ የላላ ደግሞ ጥፍር ወይም ምንቃር ያስገባል። ወፏ በማደኛ ክብደቷ ላይ ስትሆን የተለካ ማንገቻ፣ ሥጋ ስትጨምርና ጎሮሮዋ በምግብ ሲሞላ ይጠብቃል። ይህንን ከመጽሐፍ ወይም ከቪዲዮ አትማሩት፤ ከዚህ በፊት ያነገተ ሰው ወይም የጭልፊት ሐኪም እጅ ይኑርበት። አቡ ዳቢ ከ1999 ጀምሮ የጭልፊት ሆስፒታል አለ።

ባትሪ። ብዙዎቹ ቪኤችኤፍ ትራንስሚተሮች (ቦታ ሳይሆን ቢፕ ብቻ የሚልኩት ተራዎቹ) ባለ 3 ቮልቱን 1/3ኤን ሊትየም ወይም ባለ 1.55 ቮልት የብር ኦክሳይድ ክኒን ባትሪዎች ይወስዳሉ፣ 392 እና 393 የሚባሉትን። ሱቅ ውስጥ 392 ስትጠይቁ ኤልአር41 ይሰጧችኋል፤ መጠኑ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን አልካላይን ነው። ቮልቱ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ይወርዳል፣ በበረሃ ሌሊት ብርድ ደግሞ ጨርሶ ይደክማል። ማሸጊያው ላይ ኤስአር41 የሚል ፈልጉ። በ1/3ኤን ፋንታም ሁለት ኤልአር44 ደራርቦ መክተት ይቻላል፤ ልክ ይገባል፣ ይበራልም፤ አታድርጉት። ሌላው ወጥመድ ቴስተር ነው። የብር ኦክሳይድና የሊትየም ቮልት እስከ መጨረሻው ሜዳ ሆኖ ቆይቶ በድንገት ይወድቃል፤ ስለዚህ “3 ቮልት ያሳያል” ማለት ዕድሜ አለው ማለት አይደለም። የሚታመነው የሰዓት መዝገብ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል፦ አንድ ምት፣ ማለትም አንድ ቢፕ፣ 20 ሚሊ ሰከንድ ሆኖ በደቂቃ 40 ምት ካለ ትራንስሚተሩ ሥራ ላይ የሚሆነው የጊዜውን 1.3 በመቶ ነው። በምቱ ጊዜ 30 ሚሊአምፒር ቢወስድ አማካዩ 0.4 ነው፤ 160 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ 400 ሰዓት፣ ወደ 17 ቀን ይቆያል። ምቱን 60 ብታደርጉት ወደ 11 ቀን ይወርዳል። የሻጩን ቁጥር በዚህ መንገድ ፈትሹት። ባትሪውን በጨርቅ ያዙ፣ የጎማውን ቀለበት ከአሸዋ ጠርጉ፤ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ጤዛ ያስገባል።

ጂፒኤስ ትራንስሚተር ቦታዋን፣ ከፍታዋንና ፍጥነቷን በራዲዮ ወደ ትንሽ ሪሲቨር፣ ከዚያም በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል። በረራን ለማየትና ወፏን ለማሠልጠን ወደር የለውም። በሲም ካርድ የሚሠራውም አለ፤ እሱ ግን የስልክ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ በሩብ አል ኻሊ ትልቁ በረሃ ውስጥ ደግሞ ሰፊው ቦታ ኔትወርክ የለውም። ሁለቱም ባትሪ የሚበሉ ናቸው፤ አብዛኞቹ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ይለካሉ። የሚሞላው ባትሪያቸው ከ45 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ መሞላት የለበትም፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ቻርጅ ማድረግ እየገደሉት ነው። አቋማችን ግልጽ ነው፦ ጂፒኤስ ለበረራው ቀን፣ ተራ ቪኤችኤፍ ደግሞ ወፏ ውጭ ለምታድርበት ሌሊት። ሁለቱ በአንድ ወፍ ላይ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ይሁኑ፣ ክብደታቸውም ተደምሮ ይመዘን።

አሁን ሪሲቨር፤ ገንዘባችሁ የሚገባው እዚህ ነው። ሩቅ መስማቱ ብቻ አይበቃም፤ ቅርብ ላይ ምን እንደሚሠራ ፈትሹ። ወፏ 50 ሜትር ላይ ስትሆን ደካማ ሪሲቨር በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይጮኻል፣ አቅጣጫ አይሰጥም። የጌን ማዞሪያው (የሪሲቨሩን የመስማት ኃይል የሚቀንስና የሚጨምረው) እስከ ታች ሲወርድ ድምፁ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ አንቴናውን ነቅላችሁ፣ ወይም ከፍሪኩዌንሲው ጥቂት ኪሎኸርዝ ወጣ ብላችሁ ሪሲቨሩን ከደረታችሁ ጋር አስጠጉና ዙሩ። ድምፁ የሚደክመው ጀርባችሁን ለወፏ ስትሰጡ ነው፤ ገላችሁ ሞገዱን ይጋርዳል። ሁለተኛው መመዘኛ ፍሪኩዌንሲን በቀላሉ ማስተካከል መቻሉ ነው። ሙቀት ሲለወጥ ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው የትራንስሚተሩ ክሪስታል ይሸሻል፤ በ216 ሜጋኸርዝ 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አሥር) መሸሽ 2.2 ኪሎኸርዝ ነው፣ ጠባብ ሪሲቨርም ያንን ያህል ሲሸሽ ቢፑን ያቀጥነዋል ወይም ያጣዋል። ማለዳ የተስተካከለው ቁጥር ለቀትር አይሆንም። ለፍለጋ ስትነሡ ከተመዘገበው ፍሪኩዌንሲ ላይና ታች 3 ኪሎኸርዝ እየቃኛችሁ ሂዱ።

አቅጣጫ ሲወሰድ ሞተር ይጥፋ፤ ጄኔሬተሩ፣ የኤልኢዲ መብራቱና ርካሽ የስልክ ቻርጀር ሁሉም ጫጫታ ያወጣሉ። የመኪና ጣሪያ ላይ የሚለጠፈው አንቴና “አለች” ብቻ ነው የሚለው፣ የት እንዳለች የሚናገረው ያጊ ነው። ያጊውን አንድ ጊዜ አግድም፣ አንድ ጊዜ ቀጥ አድርጋችሁ ሞክሩ፦ ምሰሶ ላይ የተቀመጠች ወፍ አንቴናዋ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ መሬት ላይ ያለችው አግድም ነው፣ ካልተጣጣመ ሲግናሉ በብዙ ይወድቃል። ባለ ሦስት ዘንግ ያጊ ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ድምፁ የበረታበትን ነጥብ አታሳዱ፤ በቀኝና በግራ የሚጠፋበትን ያዙና መካከሉን ውሰዱ። በ5 ኪሎ ሜትር ላይ 10 ዲግሪ መሳት 880 ሜትር ያስታል፤ ስለዚህ ከአንድ ቦታ አትሩጡ፣ ወደ ጎን ሄዳችሁ ሁለተኛ መስመር አምጡ። ሁለቱ መስመሮች ወደ 90 ዲግሪ በተጠጋ አንግል ሲቆራረጡ ቦታው ይጠብባል።

ለፈተሻ እስካሁን የጸናንበት ዘዴ ይህ ነው፦ አንድ ሊትር ውሃ ጨው ይበጠበጥበት፣ ትራንስሚተሩ ከጠርሙሱ ጎን ይታሰር፣ ጠርሙሱም መሬት ላይ ይቀመጥ። ጨዋማው ውሃ የወፏን ገላ ያህል ሞገዱን ይውጣል፤ ባዶ አየር ላይ ሰቅሎ መለካት ያታልላል። በቋሚ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቆማችሁ ቢፑ ልክ የሚጠፋበትን የጌን ቁጥር ከቀኑ፣ ከሙቀቱና ከባትሪው የሰዓት ብዛት ጋር መዝግቡ። በአዲስ ባትሪ ቁጥሩ ከቀድሞው ከተባባሰ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አንቴናው ሥር ላይ ነው፤ ሽቦው ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ይሰበራል። በጣት ቀስ አድርጋችሁ እያጠፋችሁ ቢፑን ስሙ፣ ከተቆራረጠ ይቀየር። ርዝመቱን በራሳችሁ አትቁረጡ፤ ለፍሪኩዌንሲው ተለክቶ የተሠራ ነው።

በቀጣይ የምንመዘግበው ያንኑ ጂፒኤስ ጅራት ላይና ጀርባ ላይ እያደረግን በየስንት ሰከንዱ ቦታ እንደሚይዝ ነው። በተለይ ወፏ ክንፏን ዘርግታ በምትበላበት ጊዜ፣ ጅራት ላይ ያለው በክንፍ ይሸፈን እንደሆነ በጠርሙሱና በእርጥብ ጨርቅ መፈተሽ ይቻላል። የሠራችሁት ካለ የጌን ቁጥራችሁን፣ የሪሲቨሩን ዓይነትና ፍሪኩዌንሲውን አብራችሁ ጻፉ፤ ያለነሱ ቁጥሩን ማወዳደር አይቻልም።