ጎሚኒው ነው ወይስ ኩለሩ?

ባለፈው ጁላይ፣ እኔ የምሠራበት የቨርጂኒያ ሃንጋር አንድ ጡረተኛ በቤቱ ጋራዥ ውስጥ ራሱ የገጣጠማትን አርቪ-7 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ይዞ መጣ። ሞተሯ ላይኮሚንግ የተባለው ኩባንያ የሠራው ባለ 180 ፈረስ ጉልበት ነው። ከፍታ ስትይዝ የዘይቱ ሙቀት 235 ፋረንሃይት ይደርሳል። ላይኮሚንግ የፈቀደው ጣሪያ 245 ነው። ሰውየው ሚስቱን አሳፍሮ መብረር ፈርቷል።

የሃንጋሩ ዋና መካኒክ የአገሬ ሰው ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። ኮፈኑ እንኳን ሳይከፈት «ትልቅ ኦይል ኩለር ይገዛ» አለ፤ የሞተሩን ዘይት በአየር የሚያቀዘቅዘው ዕቃ ማለት ነው።

እኔ የላይኛውን ኮፈን አውርጄ ውስጡን አየሁ። አየሩ ከፊት ይገባና ከሲሊንደሮቹ በላይ ይታመቃል። ከዚያ በሲሊንደሮቹ መሀልና በኩለሩ ውስጥ አልፎ ይወጣል። አየሩን በሚያግደው ላሜራ ጠርዝ ያለው ጎሚኒ ከኮፈኑ ጋር ካልገጠመ ግን አየሩ በአቋራጭ ያመልጣል። በደንብ የገጠመ ጎሚኒ ኮፈኑ ላይ ጥቁር የመፋተግ ምልክት ይተዋል። በቀኝ በኩል ምልክቱ ወፍራም ነበር። በግራ፣ ከአራተኛው ሲሊንደር ኋላ፣ ልክ ኩለሩ የተሰቀለበት ጋ፣ ቀለሙ ንጹሕ ነጭ ነው። ምንም አልነካውም። ጎሚኒው ወደ ኋላ ታጥፏል። ወደ ፊት ቢታጠፍ የአየሩ ግፊት ራሱ ከኮፈኑ ጋር ያጣብቀው ነበር። አሁን ግን ግፊቱ እንደ በር ገፍቶ ይከፍተዋል።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ጎሚኒውን ብቻ ቀይረን ይብረርና እንየው» አልኩት።

«ሰውየው ሁለቴ ይመላለስ?»

«አንድ ላይ ከቀየርን እኮ የትኛው እንደሠራ አናውቅም።»

«ማወቁ ምን ያደርግልሃል? ይቀዝቀዝ እንጂ!»

ይህች ንግግር እስካሁን ታበግነኛለች። ማወቅ እኮ ነው ሥራችን! ነገ ሌላ ሰው ይህንኑ ችግር ይዞ ሲመጣ ምን ልንለው ነው? ጎሚኒ በጥቂት ዶላር የሚቀየር ነገር ነው። ኩለር ግን የሰው ኪስ ይጎዳል፤ ክብደትም ይጨምራል።

ሁለቱም ተቀየሩ። ሙቀቱ 195 ላይ ቆመ። ጋሼ «አላልኩህም?» አለኝ፤ ባለቤቱም እሱን አመስግኖ ሄደ።

ጃንዋሪ ላይ ሰውየው ደወለ። አሁን ደግሞ ዘይቱ ከ150 አልፍ አላለም። እንዲህ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበት ተንኖ አይወጣም፤ ሞተሩ ውስጥ ለውስጥ ይዝጋል። የአዲሱን ኩለር ግማሽ ፊት በላሜራ ሸፈንኩለትና ወደ 180 መጣ። ክፍት የቀረው ቦታ ከአሮጌው ኩለር ብዙም አይበልጥም። ታዲያ ጎሚኒው ከተቀየረ አሮጌውም ይበቃ ነበር ማለት ይሆን?

ጋሼ «በብርድማ ምኑም ይቀዘቅዛል» ይላል። ልክ ነው፤ የጃንዋሪ በረራ የጁላይን ጥያቄ አይመልስም። ስለዚህ አሮጌውን ኩለር አልጣልኩትም። በመጪው ሙቀት ከአዲሱ ጎሚኒ ጋር መልሰን ልንሰቅለውና ልንሞክረው ከባለቤቱ ጋር ተስማምተናል።