መደርደሪያዬን እያነበብኩ ነው

ዘንድሮ መጽሐፍ አልገዛም ብያለሁ። ገንዘብ ለመቆጠብ አይደለም፤ ቢቆጠብም ግን አልጠላም። ነገሩ ሌላ ነው። በገዛሁ ቁጥር የማነበው እያነሰ መጣ።

መጽሐፍ የሚገዛ ሰው አንባቢ ነው ይባላል። እኔ ሳየው ግን ሁለቱ የተለያዩ አመሎች ናቸው። መግዛት ፈጣን ነው። የጀርባ ሽፋኑን አነብባለሁ፣ ማውጫውን ገለጥ ገለጥ አደርጋለሁ፣ ከዚያ መጽሐፉን የጨረስኩት ያህል ረክቼ እወጣለሁ። ቤት ሲገባ ዕቃ ይሆናል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አይደል? ገና ያልገዛሁት ሁልጊዜ ከገዛሁት ይበልጥብኛል።

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። በቀን 20 ገጽ ማንበብ ለሥራ ሰው ቀላል አይደለም፤ ይቻላል እንበል። በዓመት 7,300 ገጽ ይሆናል። ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ ከሆነ 24 ገደማ ማለት ነው። በወር 2። በወር 3 የሚገዛ ሰው ታዲያ በዓመት 36 ያስገባል፣ 24 ያነብባል፣ 12 ይደረደራል። ያውም አንድም ቀን ሳያጓድል ካነበበ! የኔ መደርደሪያ የሞላው በስንፍና ብቻ ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ለካ መቀነስና መደመርም አለበት።

መግዛት ሲቆም የአዲስ ነገር አምሮቱ አብሮ ይጠፋል ብዬ ነበር። አልጠፋም። መሄጃ ሲያጣ ወደ መደርደሪያው ዞረ። ማታ ማታ ቆሜ ጀርባቸውን ሳነብ ለምን እንደገዛኋቸው የማላስታውሳቸው ሞልተዋል። አንድ ሰሞን ቼዝ ልማር ብዬ ነበር መሰለኝ፣ ሦስት የቼዝ መጽሐፍ አገኘሁ። ሦስቱም ፈረስ እንዴት እንደሚሄድ በማስረዳት ይጀምራሉ። እኔም ሦስቱንም እዚያው ላይ ትቻቸዋለሁ። አሁን ቼዝ ለሚወድ የጎረቤት ልጅ ሰጥቻቸዋለሁ፤ እንዳያያዙ ከሆነ በቅርቡ እኔን ያስተምረኛል።

ትልቁ ለውጥ ግን መተው መልመዴ ነው። ገንዘብ የወጣበት መጽሐፍ ካልተጨረሰ የከሰርኩ ይመስለኝ ነበር። አንዱ አሰልቺ መጽሐፍ አልጋዬ አጠገብ ተጋድሞ ስንቱን ጥሩ መጽሐፍ ዘግቶብኛል። ናንሲ ፐርል የምትባል አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለዚህ መላ አላት። 50 ገጽ ሞክሩት፣ ካልያዛችሁ ተዉት ትላለች። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ደግሞ ዕድሜውን ከ100 ይቀንስ፤ የቀረችው ቁጥር ለመጽሐፉ የሚሰጠው የገጽ ዕድል ናት። 100 ዓመት የሞላው በሽፋኑ ብቻ ሊፈርድ ይችላል ማለት ነው። እኔ ገና 50ውን ሙሉ እከፍላለሁ።

ቀዳዳም አላጣሁም። መጀመሪያ ሰሞን ፒዲኤፍ ማውረድ መግዛት አይደለም ብዬ ስልኬን ሞላሁት። ከ1971 ጀምሮ የቆዩ መጻሕፍትን በነፃ የሚያቀርበው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ብቻውን ከ70,000 በላይ አለው። ስልክ ላይ ደግሞ አቧራ ስለማይታይ ጭራሽ ይረሳል። ስለዚህ እሱንም ከለከልኩ። ውሰት ግን ፈቅጃለሁ። የተዋስኩትን መጽሐፍ ቶሎ ነው የምጨርሰው፤ ባለቤቱ "እስከምን ደረስክ?" ብሎ ይጠይቃላ። የገዛሁትን ማን ይጠይቀኛል?

አንድ ወዳጄ፣ ሁሉም እንዳንተ ቢያደርግ ደራሲዎች ምን ይበላሉ አለኝ። እውነቱን ነው። መጽሐፍ መግዛት ክፉ ነገር አይደለም፤ ይህን ደንብ ለማንም አልመክርም፣ በተለይ ገዝቶ ለሚያነብ። እኔ ግን ጨርሼ የወደድኩትን መጽሐፍ ሳላወራ አላድርም። ዘንድሮ ሳወራ ሰምተው የገዙ አሉ፤ ወዳጄ ራሱ አንዱ ነው። ድሮ ስለገዛሁት እንጂ ስላነበብኩት የማወራው ብዙም አልነበረኝም።

አሁን እጄ ላይ ያለው ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ነው። 50ኛውን ገጽ በጭንቅ አልፌ ነበር፣ ከ80 በኋላ ያዘኝ። ናንሲን አልሰማኋትም ማለት ነው።