ከደለሉ ሥር

«ልጄ፣ ወረቀቱን እጠፊውና እዚህ ቆፍሪ» አሉኝ ሽማግሌው፣ ከአጥሩ ጥግ ያለውን ባዶ አሸዋ በከዘራቸው ጫፍ እየነካኩ።

ድሬዳዋ፣ ከጎርፍ ጊዜ በቀር ደረቅ በሆነው በደቻቱ ወንዝ ዳር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስተኛ ቀናችን ነበር። ግቢው ቀድሞ የነዳጅ ማከማቻ ነበር፤ ታንከሮቹ ተነቅለው ከተወሰዱ ቆይተዋል። ቦታው ላይ ቤት ሊሠራበት ስለታሰበ አፈሩንና የከርሰ ምድር ውሃውን እንድንመረምር ተጠየቅን። አሮጌው ፕላን ታንከሮቹ የቆሙባቸውን ሁለት ክብ መሠረቶች ያሳያል። እኔም ስድስቱን የመቆፈሪያ ነጥቦች በእነርሱ ዙሪያ አደረግኋቸው። የወጣውን አፈር ከረጢት ውስጥ ከትተን፣ ጥቂት እንዲሞቅ አቆይተን፣ የጋዝ መለኪያውን ጫፍ ስናስገባ ቁጥሩ ከዜሮ ብዙም አልራቀም። ሥራውን የሰጡን ሰዎች ደስ አላቸው። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ለዓመታት ነዳጅ የተቀዳበት መሬት እንዲህ ንጹሕ ሊሆን አይችልም።

ሽማግሌው በወጣትነታቸው በዚያ ግቢ ነዳጅ ቀጂ ነበሩ። በርሜል ይሞላ የነበረው ታንከሮቹ ሥር ሳይሆን አጥሩ ጥግ ነው፤ ቧንቧው እስከዚያ ተዘርግቶ ነበር። ቱቦው ሲነቀል የሚንጠባጠበው፣ ከበርሜሉ አፍ የሚተርፈው ሁሉ እዚያው ይፈስሳል። «አንድ ጣሳ፣ ሁለት ጣሳ ነው። ማን ይቆጥረዋል?» አሉኝ።

ታዲያ ለምን አናየውም? በ1998ቱ ጎርፍ ምክንያት። ያን ሌሊት የድሬ ሰው አይረሳውም፤ ደቻቱ በእንቅልፍ ላይ ያለውን ሰፈር ጠራርጎ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ገደለ። ወደዚህ ግቢም አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ሲመለስም ደለሉን ትቶ ሄደ። የእኔ ፕላን ከጎርፉ በፊት የተሣለ ነው። የሽማግሌው ትዝታ ግን ጎርፉንም ይዟል።

ቆፈርን። አንድ ሜትር ያህል ንጹሕ ደለል ወጣ። ከዚያ አፈሩ በድንገት ግራጫ፣ ቀጥሎም ጥቁር ሆነ፤ የአሮጌ ጋራዥ ሽታ ፊታችንን መታው። መለኪያው ሲጮህ ሽማግሌው ዞር ብለው ቆሙ።

ነዳጅ መሬት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ታች ይሰርጋል፤ ከውሃው ሲደርስ ቀላል ስለሆነ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በክረምት ውሃው ከፍ ሲል አብሮ ይወጣል፣ በበጋ አብሮ ይወርዳል፤ በወጣና በወረደ ቁጥር የነካውን አፈር ሁሉ ይቀባል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ከውሃው ጋር የሚሟሟው ክፍል ነው። ቤንዝን ይባላል፤ መኪናችን ውስጥ ከምንሞላው ቤንዚን ጋር ስሙ ቢመሳሰልም በውስጡ ካሉት ብዙ ነገሮች አንዱ ብቻ ነው፤ ካንሰር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። አንድ ግራም ቤንዝን 100,000 ሊትር ውሃ እዚህ ልክ ላይ ያደርሳል ማለት ነው። የሽማግሌውን ጣሳዎች አስቡ።

ድሬዳዋ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ የምትጠጣው ከመሬት በታች ያለውን ነው። ለዚህ ነው የማልቀልድበት።

ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሦስት የመከታተያ ጉድጓዶች በሦስት ማዕዘን ቆፈርን። በሦስቱም የውሃውን ከፍታ ስንለካ ከደቡብ ተራሮች ወደ ሰሜን እንደሚያዘነብል ታየ። በሰሜን በኩል፣ ከአጥሩ ማዶ፣ የአንዲት እናት የእጅ ጉድጓድ አለ። ልብስ ያጥቡበታል፤ ፍየሎቻቸውም ከዚያ ይጠጣሉ።

የውሃ ናሙና የወሰድነው ገና ሳይነጋ ነው፤ የድሬ ሙቀት ቤንዝኑን ያበንነዋል፣ ናሙናውን የምናቀዘቅዝበትን በረዶም ያቀልጠዋል። ትንሿ ብልቃጥ እስከ አፏ መሞላት አለባት። አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ቤንዝኑ ወደ እርሷ ይሸሻል፤ ውጤቱም ከእውነቱ ያንሳል። ሁለት ጊዜ ደፍቼ እንደገና ሞላሁ።

ከአሠሪዎቻችን አንዱ «ከአጥሩ ውጭ ያለው ጉድጓድ ሪፖርቱ ውስጥ ባይገባስ?» አለኝ። ውሃ አጥር አያውቅም አልኩት። አስገባሁት።

ውጤቱ ሲመጣ በግቢው ውስጥ ካሉት ጉድጓዶች ሁለቱ ከልኩ እጅግ አልፈው ተገኙ። ለእናቲቱ በስልክ መንገር አልፈለግሁም፤ ሄድኩ። በር ላይ ተቀብለው ወንበር አመጡልኝ።

«እናቴ፣ በእርስዎ ጉድጓድ ውስጥ ቤንዝኑ ከልኩ በታች ነው» አልኳቸው። «ግን አለ። ወደዚህም እየመጣ ነው።»

ጥቂት ዝም አሉ። «ካለማ አለ ነው» አሉና ተነሥተው የጉድጓዱን አፍ በቆርቆሮ ከደኑት። ድንጋዩን ለሁለት ተሸክመን ጫንበት።