ሃይላንዱን ከአተላው ለዩት

የሰፈራችን ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ለቤት ይዞራሉ። የሚለምኑት ደረቁን ቆሻሻ ከእርጥቡ ለይተን እንድናስቀምጥ ብቻ ነው። «ሥራ ፈታችሁ እንዴ ልጆቼ?» ብለው የሚያሾፉ እማማ አሉ፤ ሃይላንድ ግን ያጠራቅሙላቸዋል!

ነገሩ ቀላል ነው። ሃይላንድና ጣሳ ለቁራሌው ይሸጣል፣ የሽንኩርት ልጣጭና የቡና አተላ ደግሞ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ከአፈርና ከደረቅ ቅጠል ጋር ጥቂት ወራት ከቆየ ለጎመን ግሩም ብስባሽ ይወጣዋል፤ ከተቀላቀለ ግን ማንም አይፈልገውም።

በክረምት ጎርፉ ፌስታሉን ጠራርጎ ቀሃ ወንዝ ይከተዋል። ለጥምቀት የፋሲለደስን መዋኛ የሚሞላው እኮ የቀሃ ውሃ ነው! በ2017 ፌስታል የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል፤ እኔን ግን የረታኝ የልጆቹ ጭቅጭቅ ነው። ትርፍ ጆንያ ያላችሁ ስጧቸው፣ አጥሯቸዋል።