ለአሮጌ ስኮፕ ፕሮብ ፍለጋ

ከምናለሽ ተራ ገዝቼ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ያስመጣሁት ቴክትሮኒክስ 465 በመጨረሻ በወጉ መሥራት ጀምሯል። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የወጣ፣ ባለ 100 ሜጋኸርዝ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ፣ በአጭሩ ስኮፕ) ነው። የቮልት መምረጫው 115 ላይ ስለነበር ወደ 230 ቀይሬ ነው የሰካሁት። እናንተም ይህን ሳታዩ እንዳትሰኩ! ሲሞቅ ደግሞ የሰፈራችንን የጠባሴን ብርድ ትንሽ ያስታግሳል፤ ልጆቹ አጠገቡ ነው የሚያጠኑት።

ፕሮብ፣ ማለትም የሚለካውን ነጥብ የምንነካበት ባለ ገመድ ጫፍ፣ ግን አልነበረውም። አብሮት ይሸጥ የነበረውን ኦርጅናል ካላገኘሁ ብዬ ሁለት ወር ደከምኩ።

ትዕግሥቴ ሲያልቅ ካሜራ ከሚገጥሙ ልጆች ቢኤንሲ (ስኮፑ ሶኬት ላይ የሚገጥም መሰኪያ) ያለው አንድ ሜትር ተኩል ገመድ ለመንኩና ጫፉ ላይ ሁለት የአዞ ክሊፕ በየድኩ። ለአምፕሊፋየር ድምፅ ሠራልኝ። የዲሽ ሪሲቨር ክሪስታል (የሪሲቨሩን የሥራ ምት የሚሰጥ ክፍል) ስነካበት ግን ሪሲቨሩ ድርግም አለ። ገመዱ ብቻውን 100 ፒኮፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) አለው፤ የስኮፑ ሲጨመርበት ክሪስታሉ ምን ያድርግ?

ለካ መልሱ ዓይኔ ሥር ነበር። ከመግቢያው ሶኬት አጠገብ «1 ሜጋኦም፣ 20 ፒኮፋራድ» ይላል። መፈለግ የነበረብኝ በስሙ ሳይሆን፣ ማስተካከያው ይህን የፒኮፋራድ ቁጥር የሚያካትት ፕሮብ ነው።

ይህን ካወቅሁም በኋላ አንዴ ተሸወድኩ። ርካሽ ያገለገለ ፕሮብ ገዛሁ፤ ማስተካከያው ከ35 ፒኮፋራድ የሚጀምር ነው። ከስኮፑ ካሊብሬተር (የመፈተኛ ሞገድ መውጫ) የሚወጣውን የ1 ኪሎኸርዝ አራት ማዕዘን ሞገድ ሳይበት ማዕዘኖቹ ቀንድ አወጡ። የፕሮቡን ማስተካከያ ብሎን (ትሪመሩን) በትንሿ ካቻቢቴ እስከ ጥግ አዞርኩት፤ ቀንዱ አልጠፋም። ቀጥሎ ከ10 እስከ 35 የሚለውን አዲስ የቻይና ፕሮብ አስመጣሁ። በሩብ ዙር ጠርዙ ቀጥ አለ። ማዕዘኑ ከሟሸሸ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጎን ማዞር ነው። የፕሮቡ ማብሪያ 10 እጥፍ (ሲግናሉን ወደ አንድ አሥረኛ የሚቀንስበት) ላይ ይሁን፤ 1 እጥፍ ላይ ትሪመሩ አይሠራም፣ ከ6 ሜጋኸርዝ በላይም ብዙ አትጠብቁ።

የሚያስቀው የኋለኛው ነው። ኦርጅናሉ ፕሮብ ሶኬቱ ላይ ያለውን ቀለበት የምትነካ ትንሽ ፒን አለችው። ስኮፑ በእሷ ባለ 10 እጥፍ መሆኑን ያውቅና የቮልት ኖቡን መብራት ይቀይራል። የእኔ የላትም። ስለዚህ አንድ ማታ የፓወር ሰፕላይ መውጫ ስለካ 12 ቮልት መሆን ያለበት 1.2 አሳየኝ። 7812ቱ (12 ቮልት የሚያወጣው ሬጉሌተር) ሞቷል ብዬ ነቅዬ ጣልኩት። አዲስ በየድኩ። 1.2! ሁለተኛውንም ልነቅል ብረቱን ሳግል ነው ፕሮቡ በ10 ማካፈሉን ስኮፑ እንደማያውቅ የገባኝ።

አሁን ከኖቡ በላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ «በ10 አባዛ» ብዬ ጽፌበታለሁ። የመጀመሪያውን 7812 ከቆሻሻ ቅርጫቱ አውጥቼ ሞከርኩት፤ ደህና ነው።